ያልረጠበው መፋቂያ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት በቦና ነው። እኛ ነገሌ የምንኖር ሰዎች ቦና የምንለው ዝናቡ ጠፍቶ፣ በር ቢዘጋም አቧራው የሚገባበትን ደረቅ ወራት ነው። እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣ ያለኝ፣ ልጄ ልትሞትብኝ ጥቂት እንደቀራት ያወቅሁት ለሕመሟ ሐኪም ቤት ወስጃት ሳይሆን ጥርሷን ላስነቅልላት ወስጃት ስለሆነ ነው።

ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም። የምጽፈው እንደማወራው ነው። ልጅ ያላት ሴት ታንብበው ብዬ ነው።

ነገሌ የመጣሁት በወታደር ሚስትነት ነው። ያን ጊዜ ባለቤቴ ሩቅ ግዳጅ ላይ ነበር፤ ስልክ የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው። እኔ ገበያ ውስጥ ሰልባጅ ልብስ እሸጣለሁ። ልጄ መቅደስ አንድ ናት። ከእሷ በፊትም ከእሷ በኋላም አልሰጠኝም። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እየቀላቀለች፣ ሰው ሳታስጨርስ የምታወራ ልጅ ናት። ወሬዋ ሲያደክመኝ «አንቺ ልጅ፣ እስኪ ትንፋሽ ውሰጂ» እላት ነበር።

እንግዲህ ያቺ ልጅ ዝም አለች።

ዝምታዋ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። መጀመሪያ ስታወራ ምላሷ ላንቃዋ ላይ እየተጣበቀ ጧ ጧ ይል ጀመር። ከዚያ ዳቦ ስሰጣት ሻይ ውስጥ ካልነከረች አትበላም። ከንፈሯ ይሰነጠቃል፤ ቫዝሊን ትቀባለች፣ ተመልሶ ይሰነጠቃል። ሌሊት ትነሳለች። በር ሲከፈት እሰማለሁ፣ ሽንት ቤት ትሄዳለች፣ ተመልሳ ውሃ ትጠጣለች፣ ጥቂት ቆይታ ደግሞ በሩ ይከፈታል። በዚያ ላይ መክሳት መጣ። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ እንደ ተሰቀለ ልብስ ሆነ። እኔ ልብስ ሻጭ ነኝ፤ ልብስ ሰው ሲጠፋበት አውቃለሁ።

በቦና ውሃ በአህያ ጋሪ በጀሪካን ነው የሚመጣልን፣ ሁሉም ቆጥቦ ነው የሚጠቀመው። የኛ ጀሪካን ግን ጎረቤት ሳያልቅበት እኛ ላይ ያልቃል። ሙቀቱ ነው እል ነበር። በሙቀት ያልጠማው ማን አለ?

አንድ ሌላም ነገር ነበር። መቅደስ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ተቀምጣ ጥርሷን በመፋቂያ ነው የምትፍቀው። ጎረቤታችን አደ ዳኪ፣ አደ በኦሮምኛ እትዬ እንደማለት ነው፣ ከገጠር ወተት ስታመጣ መፋቂያውን አብራ ታመጣላታለች። አንድ ቀን ቤት ስጠርግ መስኮቱ ላይ ጥላው የሄደችውን መፋቂያ አነሳሁ። የሰው አፍ የገባ መፋቂያ ጫፉ ይለሰልሳል፣ እንደ ብሩሽ ይበተናል። የእሷ ጫፉ ተሰባብሯል እንጂ አልለሰለሰም። እንጨቱ እንደ ማገዶ ደረቅ ነው። ሰነፈች፣ አልፋቀችበትም ብዬ ምድጃ ውስጥ ጣልኩት።

ከዚያ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም በላይ መጣ። በላይ ከሠራዊት ተሰናብቶ የእህል መጋዘን ነው የሚጠብቀው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ያየውን ሁሉ ገና ሳይቀመጥ የሚፈርድ ነው። የዚያን ቀን መቅደስ ከጀሪካኑ ቀድታ በቆርቆሮ ጣሳ ስትጠጣ ቆሞ አያት። ጠጣች፣ ደግማ ቀዳች፣ ጠጣች፣ ወጣች።

«እትዬ፣ ተኝተሻል እንዴ?» አለኝ።

«ምን አየህ?»

«ግመል እንኳ እንዲህ አይጠጣም። ልጅቷ እየቃመች ነው።»

«ምን ትላለህ አንተ?»

«መጋዘኑ ጥግ ስንቱን ቃሚ አይቼ አውቃለሁ መሰለሽ። ውሃ ውሃ ይላል፣ ከረሜላ ከአፉ አይጠፋም፣ እህል ይጠላል፣ ሌሊቱን ሲንቆራጠጥ ያድራል፣ ይከሳል። እሷ የቀራት ምንድን ነው? ቅጠሉን ከጉንጯ እስክታወጪው ነው የምትጠብቂው?»

እውነቱን ነው፤ ያለው ሁሉ እሷ ላይ አለ። ከረሜላውንም አይቻለሁ። ልብሷን ሳጥብ ኪሷ የከረሜላ ወረቀት ብቻ ነበር የሚሆነው። የጫቱን ሽታ ለመደበቅ ነው ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። እኛ ሰፈር በጫት ከትምህርት የቀሩ ልጆች አሉ። እናቶቻቸውን አውቃቸዋለሁ።

«ውሃውን ከልክያት» አለኝ በላይ። «ጫት ያለ ውሃ አይወርድም። ሳትወድ ትተዋለች።»

አደ ዳኪ በር ላይ ወተት እየሰፈረችልኝ ነበር። ዕድሜዋ የገፋ ቦረና ናት፣ ባሏ ሞቶባታል፣ መቅደስን ከልጅነቷ ጀምሮ እንደ ልጅ ልጇ ነው የምታያት። ወተቱን አስቀምጣ ቀና አለች።

«በላይ፣ አካም? ናጋ?» ብላ ሰላም አለችው፣ ገና አሁን እንዳገኘችው ሁሉ።

«ናጋ ነው አደ።»

«ቢሻን ነው የምትከለክለው?» ቢሻን በእነሱ ቋንቋ ውሃ ነው። «ኤላ ጉድጓድ ላይ ከብትህን ስታጠጣ ጠላትህ ቢመጣ፣ እሱን ሳታጠጣ አትመልሰውም። የገዛ ልጅህን ልትከለክል ነው?»

«አደ፣ ይሄ የከተማ ነገር ነው፤ አይገባሽም።»

«የከተማ ሰው ጉሮሮ የለውም?»

በላይ ሳቀና ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ። እኔ ግን የአደ ዳኪ ነገር ያዘኝ። እኔ ከደጋ ነው የመጣሁት፤ እዚህ አገር ከተማርኩት ነገር አንዱ ውሃ ሰው እንደማይከለከል ነው። በላይ ስላለ ብዬ ጀሪካኑን አልቆለፍኩትም። እንዲያውም የዚያን ቀን ሌላ ጀሪካን አስመጣሁ። ጥርጣሬው ግን ከውስጤ አልወጣም።

ማታ አጠገቤ አስቀምጬ ጠየቅኋት።

«መቅደስ፣ እውነቱን ንገሪኝ።»

«የምኑን?»

«የጫቱን።»

ሳቀች። ስትስቅ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደማ። በእጇ ጀርባ ጠረገችው።

«እማዬ፣ እኔ ዳቦ መዋጥ አቅቶኝ ቅጠል በየት በኩል ነው የምቅመው?»

«ከረሜላውስ?»

ዝም አለች። ያ ዝምታዋ ነው የገደለኝ። አሁን ሳስበው ለማውራት እንኳ ደክሟት ነበር።

በነጋታው አንዱ መንጋጋዋ ያማት ጀመር። ጉንጯን ይዛ ተቀመጠች። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የጥርስ ሐኪም አፍ ከፍቶ ሲያይ የሚቅመውን ከማይቅመው ይለያል ሲሉ ገበያ ውስጥ ሰምቻለሁ። ጥርሷን ይነቅልላታል፣ በዚያው ሐቁን አውቃለሁ ብዬ ወሰንኩ። ለእሷ የነገርኳት ስለ ጥርሱ ብቻ ነው።

ጠዋት ባጃጅ ያዝን። ትከሻዬ ላይ ተደገፈች። ትንፋሿ አንገቴ ላይ ሲመጣ ከመጠን በላይ የበሰለ ሙዝ ይሸታል። ከረሜላው ነው አልኩ በሆዴ። ትንፋሿም ረጅም ረጅም ነበር፤ ዳገት የወጣ ሰው ትንፋሽ። እኔ ግን የማስበው ሐኪሙ ስለሚለኝ ነገር ነው።

ክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ወረፋ ይዘን ተቀመጥን። አጠገባችን ከወደራ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጉንጫቸውን በፎጣ አስረው ተቀምጠዋል። መቅደስን አይተው አዘኑላት።

«ያንቺ ስንት ነው የሚነቀለው ልጄ?»

በጣቷ አንድ አለቻቸው።

«እኔ የቀሩኝ ሦስት ናቸው» አሉ ሽማግሌው። «እነሱም ተኳርፈው አይገናኙም። ሐኪሙ ቢያስታርቅልኝ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። መቅደስም ልትስቅ ፈለገች፣ ግን ከንፈሯን ፈርታ በእጇ ያዘችው። ከያዘችው የላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ተጎነጨች። ሽማግሌው ዝቅ ብለው ለእኔ «ልጅቷ ጥርስ ብቻ አይደለም ያመማት» አሉኝ።

ተራችን ሲደርስ ቀድሜ ገባሁ። ሐኪሙ ዶክተር ጉዮ ይባላል፤ ቀጭን፣ ወጣት፣ የዱብሉቅ ልጅ ነው። በሩን ገፋ አድርጌ ዘጋሁና በሹክሹክታ ነገርኩት።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ጥርሷን ሲያዩ ጫት የምትቅም እንደሆነች ይዩልኝ።»

ይስቅብኛል ብዬ ነበር። አልሳቀም።

«እናት፣ ለዚህ ነገር የሚመጡ እናቶች ብዙ ናቸው» አለኝ። «አየዋለሁ። ግን ያየሁትን እሷም ባለችበት ነው የምናገረው። ይስማማሉ?»

«ይሁን» አልኩ።

መቅደስ ገብታ ወንበሩ ላይ ተጋደመች። መብራቱን አፏ ላይ አደረገ። በእጁ ትንሽ ክብ መስታወት አለች፣ እጀታ ያላት። መስታወቷን በጉንጯ በኩል አስገባና ሲያወጣት ጉንጯ አብሮ ተጎተተ። የተጣበቀ ነገር ሲላቀቅ እንደሚሆነው። ሐኪሙ እጁን አቆመ። በሌላው ጉንጭ በኩል አስገባት፤ እዚያም ተጣበቀች። ያመማትን መንጋጋ አይቶ ይነቅላል ብዬ ስጠብቅ ጥርሱን ተወው።

«ምላስሽን ወደ ላይ አንሺልኝ።»

አነሳች። ጎንበስ ብሎ ብዙ ጊዜ አየ። ከዚያ በጣቱ ከጆሮዋ ፊት ለፊት፣ ከአገጯም ሥር በቀስታ ጫን ጫን አደረገ፣ እየተጫነም አፏ ውስጥ ያያል። የሚጠብቀው ነገር እንዳልመጣለት ገባኝ። ምራቅ ከየት እንደሚመጣ እየፈለገ እንደነበር በኋላ ነው የነገረኝ።

የፕላስቲክ ኩባያ ሰጣት። «ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ። አትዋጪ። የመጣልሽን ምራቅ ሁሉ ወደዚህ ጣይ» አላት። እሱ ዕቃውን እያዘጋጀ ዝም ብሎ ጠበቀ። መቅደስ አንገቷን ደፍታ ኩባያውን ከከንፈሯ አስጠግታ ተቀመጠች። ተነስቼ አየሁት። ከሥሩ እንደ ሳሙና አረፋ ያለ፣ ክር የሚስብ ትንሽ ነገር ብቻ ነው ያለው። ሰው ምራቁን መትፋት ሲያቅተው አይቼ አላውቅም ነበር። ሕፃን እንኳ ያንጠባጥባል።

ከዚያ ጥያቄ ጀመረ።

«የምትወስጂው መድኃኒት አለ? ለእንቅልፍ፣ ለጭንቀት፣ ለጉንፋን፣ ከፋርማሲ ዝም ብለሽ የገዛሽው?»

«የለም።»

«ዓይንሽስ አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁርሻል?»

«አይ።»

«ደረቅ ምግብ ያለ ውሃ ይወርድልሻል?»

«አይወርድም።»

«ሌሊት ለሽንት ትነሻለሽ?»

አፈረች። እኔን አየችኝ። «ከምጠጣው በላይ ነው የምሸናው» አለች።

«ከረሜላ ትበያለሽ?»

«ከአፏ አይጠፋም» አልኩ እኔ ቀድሜ።

እኔን አላየኝም። «ለምንድን ነው የምትበዪው?» አላት።

«አፌ ሲደርቅብኝ ምራቅ እንዲያመጣልኝ ነው። ስመጥጠው ትንሽ ይመጣል። ከዚያ ደግሞ ይደርቃል።»

እኔ ይህን ጥያቄ አልጠየቅኋትም። «ጫት ነው ወይ» ብዬ ጠየቅሁ እንጂ «ለምን» አላልኩም።

ሐኪሙ መብራቱን አዞረና «እናት፣ ይምጡ ይዩ» አለኝ። ሄጄ ጎንበስ አልኩ። የልጄን አፍ ከሕፃንነቷ ወዲህ እንዲህ ከፍቼ አላየሁትም። ምላሷ ቀይ ነው፣ በቦና ውሃው የጠፋ ኩሬ ጭቃ ሲደርቅ እንደሚሰነጣጠቅ ተሰነጣጥቋል። ጥርሷ ከድዷ ጋር በሚገናኝበት በኩል ዙሪያውን ነጭ፣ ኖራ የመሰለ መስመር አለ።

«ጫት የሚቅም ሰው ጉንጭ ይመርጣል» አለኝ። «ዘወትር በአንድ ወገን ነው የሚይዘው። በዚያ በኩል የጉንጩ ውስጥ ይነጣል፣ ድዱ ይሸሻል፣ ጥርሱ ይበልዛል። እኔ በዚች ከተማ ይህን በየቀኑ አያለሁ። የልጅዎ ሁለቱም ጉንጭ እኩል ነው። ልጅዎ ጫት አትቅምም።»

መቅደስ ቀና ብላ አየችኝ። ለምን እንዳመጣኋት ያን ጊዜ ነው የገባት። እኔ ግን ከላዬ ድንጋይ እንደወረደልኝ ሆንኩ፤ እመቤቴን አመሰገንኩ። ነጠላዬን አስተካክዬ «በሉ እንግዲህ መንጋጋዋን ይንቀሉላት» አልኩ።

«አልነቅልም» አለ።

«ለምን?»

«እኔ ኤላ አጠገብ ነው ያደግሁት። ጉድጓድ እንዲሁ አይነጥፍም፤ አንድ ነገር ውሃውን ሲወስደው ነው። እሷም ምራቋ እንዲሁ አልጠፋም።» ፊቱን ወደ እሷ አቀረበ፣ ትንፋሿን አሸተተ፣ ደረቷን አየ። «ሮጠሽ ነው የመጣሽው?»

«በባጃጅ ነው።»

«ታዲያ ለምን እንዲህ ትተነፍሻለሽ?»

«እንጃ።»

እኔ ተናደድኩ ልበል ፈራሁ፣ አላውቅም። ሁለቱም አንድ ላይ ነው የመጣብኝ። «ዶክተር፣ የመጣነው ለጥርስ ነው፤ ያመማትን ነቅለው ይሸኙን» አልኩት።

«እናት፣ ጥርሱ ይጠብቃል። እሷ አትጠብቅም» አለኝ።

ጓንቱን አወለቀ። ወረፋ የያዘውን ሰው ይቅርታ ጠይቆ ራሱ ወደ ላቦራቶሪው ወሰደን። ጣቷን ወግተው ደም ጠብታ በትንሿ መሣሪያ ለኩ። መሣሪያዋ ቁጥር አላወጣችም። ሐኪሙ ከባለሙያው ጋር በኦሮምኛ ተነጋገረ። እኔ ኦሮምኛ እሰማለሁ፤ ከመጠን በላይ ስለሆነ ነው ቁጥር ያላሳየችው ሲል ሰማሁ።

«ስኳር ነው» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ።

«ስኳር የትልልቅ ሰው በሽታ አይደለም እንዴ? እሷ ልጅ ናት። ወፍራምም አይደለች።»

«የልጆችም አለ። የትንፋሿ ሽታና አተነፋፈሷም ከእሱ ነው። አሁን ሆስፒታል ነው የምትሄዱት። ቤት ደርሰን እንምጣ እንዳይሉኝ።»

ልል ነበር። ልብስ ይዤላት ልምጣ ልል ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ መቅደስ መቆም አቃታት። የሰቀሉላት ግሉኮስ መስሎኝ «ጣፋጭ ነገር አትስጧት» እያልኩ ጮህኩ፤ የጨው ውሃ ነው አሉኝ። በደም ሥሯ ውሃው ገባ፣ መድኃኒቱ ገባ። በአፏ ምንም እንዳትወስድ ተባለች። ዓይኗን ትገልጣለች፣ ትከድናለች፣ ስጠራት ቶሎ አትመልስም። ያን ጊዜ የፈራሁትን ፍርሃት በብዕር መጻፍ አልችልም። አንድ ልጅ ያላት ታውቀዋለች። ስሟን እጠራለሁ፣ እቆጥባለሁ፤ በጣም ከጠራኋት የሚደክማት ይመስለኛል።

ዶክተር ጉዮ ሥራውን ሲጨርስ መጣ። የጥርስ ሐኪም ነው፣ መምጣት የለበትም፤ መጣ። ንጹሕ ጨርቅ በውሃ አርሶ ከንፈሯን፣ የጉንጯን ውስጥ፣ ምላሷን በቀስታ አራሰላት። «እንዲህ ያድርጉላት» አለኝ። «እንዳያጠጧት፤ ማራስ ብቻ። የደረቀ አፍ ይቆስላል፣ ከቆሰለ ሌላ በሽታ ይገባበታል።» ጨርቁን ተቀበልኩት። ከዚያ በኋላ ሥራ አገኘሁ። እጄ የሚሠራው ነገር ባያገኝ ኖሮ ያብድ ነበር።

አደ ዳኪ ሰምታ መጥታ መሬት ላይ ነጠላ ዘርግታ ተቀምጣለች። በላይም መጣ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ አልጋው ግርጌ ቆመ። ዶክተር ጉዮ «ቤት ውስጥ ውሃ በደንብ ትጠጣ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

«በጣም። ጀሪካን አይበቃንም ነበር።»

«እስከ ዛሬ ያቆያት እሱ ነው። ስኳሩ ውሃዋን በሽንት ያፈሰዋል፣ እሷ ትተካዋለች። ውሃ ባታገኝ ኖሮ ወደ እኔም ሳትመጡ ይቀር ነበር።»

በላይ ሰማ። አደ ዳኪ ቀና ብላ አየችው። ባርኔጣውን አደረገና ወጣ።

መቅደስ ዳነች። ቶሎ ግን አልነበረም። ትንፋሿ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ከዚያ ዓይኗ ጠራ፣ ከዚያ «እማዬ፣ ገበያ ማን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ጠዋት ከንፈሯን ላርስላት ጨርቁን ሳስጠጋ በእጇ መለሰችው።

«ተዪው እማዬ» አለች። «ምራቄ መጥቷል።»

ዋጠች። ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ከሆስፒታል ስንወጣ ኢንሱሊን በየቀኑ እንደምትወጋ፣ ዕድሜ ልኳን እንደሆነ ነገሩን። መድኃኒቱ ሙቀት አይወድም፤ እኛ ደግሞ ፍሪጅ የለንም። ነርሷ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ እንዲቀመጥ መከረችን። ቤት ስንደርስ በሩ ላይ ትልቅ እንስራ ቆሞ አገኘን፣ እስከ ግማሹ የወንዝ አሸዋ ተሞልቶ፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ማሰሮ ተቀብሮበት። በላይ ነው ያመጣው። «አሸዋው እንዳይደርቅ» አለ። ከዚያ በኋላ ከጥበቃ ሲወጣ በኛ ቤት በኩል ያልፋል። ጣሳውን አንስቶ ከጀሪካኑ ይቀዳል፣ እንስራው ላይ በቀስታ ያፈሳል፣ ይሄዳል።

ስኳሯ ሲስተካከል ወደ ዶክተር ጉዮ ተመለስን። ያመማትን መንጋጋ አጽድቶ ሞላው፤ አልነቀለውም። ነጭ መስመር በወጣበት ላይ ጥርስ የሚያጠነክር መድኃኒት ቀባላት። አፏ አሁንም አንዳንዴ ይደርቃል፤ ምን እንደምታደርግ አስረዳት። ከረሜላውን ሙሉ በሙሉ አስተዋት። ምራቅ የሌለው አፍ ውስጥ ስኳር ሲቀመጥ ጥርሱን የሚያጥበው ነገር የለም፣ ለዚህ ነው ጥርስሽ በአጭር ጊዜ የተበላው አላት። ውሃ ጥቂት ጥቂት ቶሎ ቶሎ ተጎንጪ፣ ደረቅ ምግብ በወጥ ብዪ፣ ማኘክ ካማረሽ ስኳር የሌለውን ማስቲካ ብቻ፣ ማታ በጥርስ ሳሙና ሳትቦርሺ አትተኚ አላት። አፍሽ ደግሞ እንደዚያ ከደረቀ እኔን አትጠብቂ፣ መጀመሪያ ስኳርሽን ተለኪ አላት።

«መፋቂያዬስ?» አለችው።

«እሱን አትተዪው። ማኘኩ ራሱ ምራቅ ይጠራል። ሳሙናውን ግን አይተካም።»

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። መስኮት ላይ ስላገኘሁት መፋቂያ፣ ጫፉ እንዳልረጠበ ነገርኩት።

«መስታወቴ ላይ ያየሁት እኮ እሱኑ ነው» አለኝ። «ከእንግዲህ በሽተኞቼን መፋቂያቸው ይረጥብ እንደሆነ እጠይቃለሁ።»

ያ ሁሉ አልፎ ዛሬ መቅደስ ትልቅ ሴት ሆናለች። የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ወሬዋ ተመልሷል፤ እኔም «ትንፋሽ ውሰጂ» ማለቱን ትቼዋለሁ። ሰዎች አትፍሪ፣ ዳነችልሽ ይሉኛል። አልዳነችም። በሽታው ከእሷ ጋር ነው የሚኖረው፣ ከእኔም ጋር ነው። ቦና በመጣ ቁጥር፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጠማኝ ጠማኝ ሲል፣ የሷን ጥማት ከሌላው ጥማት የምለየው በምንድን ነው ብዬ እፈራለሁ።

ስለዚህ አንድ ነገር አደርጋለሁ። ጠዋት ጥርሷን ፍቃ መፋቂያውን መስኮቱ ላይ ስታስቀምጥ እጠብቃለሁ። ፊቷን ስትታጠብ አነሳውና ጫፉን በጣቴ እዳስሰዋለሁ። ታውቅብኛለች። ከውጭ ሆና «እማዬ፣ ዛሬስ አለፍኩ?» ትለኛለች።

አንድ ሁለት ጊዜ ደረቅ ሆኖብኝ «ተለኪ» ብያታለሁ። ሳታጉረመርም ጣቷን ወጋች። ስኳሯ ከፍ ብሎ ነበር።

ሌላውን ቀን ግን እርጥብ ነው። ጣቴን በነጠላዬ ጠርጌ፣ «አለፍሽ» እላትና ወደ ገበያዬ እሄዳለሁ።